እርስዎን እየሰማን ነበር

ማሽን ሲቆም መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከመቆሙ በፊት ምን አደረጋችሁ? ፍኖተ ሰላም ውስጥ በማስተምርባት ትንሽ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ይህንን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደጠየቅሁ አላውቅም። መልሱም ሁልጊዜ ያው ነበር። "ምንም አላደረግንም መምህር፤ እርስዎን እየሰማን ነበር።" እኔም ተናድጄ ዞር እላለሁ። ሠልጣኝ ሁሉ ጥፋቱን ይደብቃል ብዬ አምን ነበር። እውነቱን ሲነግሩኝ እንደከረሙ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ማሽኖቹ አሮጌ ነበሩ። አንድ ደግ ሰው ከውጭ ያስመጣቸው ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ የሁሉም የግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ የምናየውን የሚሥለው ዕቃ፣ አንድ ዓይነት። ኮዱን ማንም ከፍቶ ሊያነበው የሚችል ነጻ ሥርዓት ጭኜባቸው እናስተምርባቸው ነበር። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አንዱ ቀጥ ይላል። ስዕሉ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ ማውሱ ግን አይንቀሳቀስም፣ ፊደል ቢመቱ አይጽፍም። ነቅሎ እንደገና ከማስነሣት በቀር መላ አልነበረውም፤ ሳይቀመጥ የቆየ ሥራም አብሮ ይጠፋል። ለረጅም ጊዜ "አሮጌ ነው፣ ምን ይደረግ" እያልሁ አልፌዋለሁ። ያኔ የተጎዳ ሰው ስላልነበረ ማለፉ ቀላል ነበር።

ከሠልጣኞቼ አንዷ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ከፈረስ ቤት የመጣች፣ የገበሬ ሚስት፣ የሦስት ልጆች እናት። እዚያው ወረዳዋ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መረጃ የምትመዘግብበት ጊዜያዊ ሥራ አግኝታ ነበር፤ ቋሚ ለመሆን ግን የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት አምጪ ተባለች። እስከ ሰኔ መጨረሻ ካላመጣች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ልጆቿን ለባሏ ትታ፣ ፍኖተ ሰላም ያሉ ዘመዶቿ ጋር አርፋ ትማር ጀመር። እሷ መምህሬ ናት ብላ እርስዎ ትለኛለች፣ እኔ ታላቄ ናት ብዬ እርስዎ እላታለሁ። የክፍሉ በር ላይ ከተገናኘን "ይለፉ"፣ "ኧረ እርስዎ ይለፉ" ስንባባል ከኋላችን ሰልፍ ይሠራል፤ ሌሎቹም ይስቁብናል። ጣቶቿ ከእርሻ የመጡ ወፍራም ጣቶች ናቸው፤ ግን እንደሷ ስሕተት የሌለበት ሠንጠረዥ የሚሠራ ሰው ክፍሌ ውስጥ አልነበረም።

ክፍሌ አንድ ደንብ ነበረው፤ ደንቡ ደግሞ የኔ ነው። አባቴ ቡሬ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ያሳደገን "የሚያናግርሽ ሰው ፊት እጅሽ ሥራ አይያዝ" እያለ ነው። ገዢ አፉን ሲከፍት እጁ ላይ ያለውን አስቀምጦ ፊቱን ያዞርለታል። እኔም ለሠልጣኞቼ ያንኑ አወረስኋቸው። ሰው ሲናገር ስክሪናችሁን አጥፉና ፊታችሁን አዙሩ፤ እንግዳ ሲገባማ መነሣትም አለ። ጎብኚዎች ሲመጡ ሃያ ምናምን ስክሪን በአንድ ጊዜ ጠፍቶ ሃያ ምናምን ሰው ብድግ ሲል "እንዴት ያለ የጨዋ ክፍል ነው" ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ምዘና ሲደርስ መዛኞች መጡ። እኛ አሠልጣኞች በምዘና ሰዓት ክፍል ውስጥ መግባት አይፈቀድልንም። ከሰዓት በኋላ ሲወጡ አራት ማሽኖች ቆመው ነበር፤ አንዱ የሷ ነው። ሥራው የሚቀመጠው በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ እንደገና አስነሥታ ከመጀመሪያው ስትጀምር ሰዓቱ አለቀ። ስሟ ፊት ለፊት "ገና ብቁ አይደለችም" ተብሎ ተለጠፈ። ሌሎቹ ሦስቱ ወጣቶች ናቸው፤ ሌላ ጊዜ ይፈተናሉ። እሷ ግን ከሰኔ መጨረሻ በፊት የቀራት አንድ ምዘና ብቻ ነበር። ማስታወቂያው ፊት ቆማ አንብባው ስታበቃ ወደኔ መጥታ "አዩ መምህር፣ ቆመብኝ" አለችኝ። አላለቀሰችም። ምን አደረጉ ብዬ ጠየቅኋት፤ በዚያ ሰዓት እንኳ። "ምንም፤ ሰዎቹን እየሰማሁ ነበር" አለችኝ።

ያን ቀን ማልሁ። በሚቀጥለው ምዘና ይህ ማሽን አይቆምባትም አልሁ።

ለካርዱ የተጻፈውን ድራይቨር የሚጠብቅ አንድ ሰው በውጭ አገር አለ። ድራይቨር ማለት በሥርዓቱ እምብርት፣ ከርነል በሚባለው ውስጥ ሆኖ አንድን ዕቃ የሚያዝ ፕሮግራም ነው። ለዚያ ሰው ጻፍሁለት። ሞባይል ዳታ ፍኖተ ሰላም ላይ ብዙ ጊዜ ስለማይሠራ፣ በየቅዳሜው ሚኒባስ ተሳፍሬ አባቴ ጋር ቡሬ እሄድ ነበር፤ ከሱቁ ጎን ካለ ቤት የኢንተርኔት መስመር ይለምንልኛል። መልሱ ሁለት መስመር ነበር። ያ ካርድ የለኝም፤ የመቆለፊያ መርማሪውን ከፍተሽ ከርነሉን እንደገና ሥሪና የሚናገረውን ላኪልኝ፣ ይላል። ሰላምታ እንኳ የለውም። ለሰውየው ክፉ ነገር አሰብሁ፤ ከዚያ ደግሞ ካርዱ የሌለው ሰው ምን ያድርግ አልሁ።

መቆለፊያ የሚለው ነገር ለኔ አዲስ አልነበረም፤ በአባቴ ሱቅ አድጌበታለሁ። አባቴና ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ ሱቁን በጋራ ነበር የሚይዙት። ሱቁ ውስጥ አንድ ሜትርና አንድ መቀስ ብቻ ነበር፤ ጨርቅ ለመሸጥ ደግሞ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አባቴ መጀመሪያ ሜትሩን ያነሣና ወደ መቀሱ ይዞራል። አጎቴ መጀመሪያ መቀሱን ያነሣና ወደ ሜትሩ ይዞራል። ገበያ ሲደምቅ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ገዢ ይመጣላቸውና አንዱ ሜትር፣ አንዱ መቀስ እንደያዘ ይቆማል። አባቴ ታላቁን "መቀሱን አምጣ" አይልም፣ ነውር ነው። አጎቴም "ይጨርስ" ብሎ ታናሹን አያጣድፍም። ገዢዎቹ መሐል ቆመው አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ያያሉ። እናቴ ሲሰለቻት አንድ ደንብ አወጣች። "እዚህ ሱቅ ውስጥ ሜትሩን ያልያዘ ሰው መቀሱን አይንካ።" ከዚያ ወዲያ ቆሞ የቀረ ሰው የለም።

ድራይቨሩም ውስጥ ነገሩ ይኸው ነው። ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ሥራዎቹ እንዳይደበላለቁ እያንዳንዱ የጋራ ነገር መቆለፊያ አለው። አንዱ ስክሪኑ መኖር አለመኖሩን የሚጠብቅ መቆለፊያ ነው፣ ሌላው ስዕሉ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚጠብቅ። አንዱ ሥራ የስክሪኑን ይዞ የስዕሉን ሲጠብቅ፣ ሌላው የስዕሉን ይዞ የስክሪኑን ከጠበቀ ሁለቱም ለዘላለም ይቆማሉ። መርማሪው የሚባለው ክፍል ደግሞ እናቴን ነው የሚተካው። ማን ምን ይዞ ምን እንደጠየቀ እየመዘገበ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ባይቆም እንኳ ሁለት የሚጻረሩ ቅደም ተከተሎች ካየ ይጮኻል። አንድ ጉድለት ብቻ አለው። በዓይኑ ያላየውን አይናገርም።

ከርነሉን በዚያ አሮጌ ማሽን ላይ መሥራት ሙሉ ቀን ይፈጃል። መብራት አምስት ጊዜ ጠፍቶብኝ አምስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። በስድስተኛው አለቀ። ሴትዮዋ ዘወትር በምትቀመጥበት ማሽን ላይ ጫንሁትና፣ እሷን ቀን ቀን ሌላ ማሽን ላይ አስቀምጬ፣ ሠልጣኞች ሲወጡ ብቻዬን ተቀመጥሁበት። መስኮት ከፈትሁ፣ ዘጋሁ፣ ትልልቅ ስዕሎች አሣልሁት፣ ሠንጠረዥ ወደ ላይ ወደ ታች አመላለስሁበት። መርማሪው ዝም። በማግሥቱም፣ በሳልስቱም እንዲሁ። ማሽኑ ራሱ አንድም ቀን አልቆመብኝም፤ እሷ ስትቀመጥበት የሚቆመው ማሽን ለኔ አንበሳ ሆነ። ለሰውየው ምንም አልተናገረም ብዬ ጻፍሁለት፤ ሪፖርት ከሌለ ማስተካከል አይቻልም ብሎ መለሰልኝ። ያን ቀን ከቡሬ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ መጣሁ። አዋቂ ነኝ ብዬ የማልሁበት ነገር ከአቅሜ በላይ እንደሆነ ገባኝ፤ ለሷ ግን እንዴት ብዬ እንደምነግራት አላወቅሁም። በየጠዋቱ "ተገኘ ይሆን መምህር?" ትለኛለች፤ እኔም "ይገኛል" እላታለሁ።

ምዘናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሴትዮዋን ወደ ማሽኗ መለስኋት፤ በዚያው ጠዋት እያስተማርሁ የግቢያችን ዘበኛ ገቡ። ሽማግሌ ናቸው። ውኃ ስለመጣ ቀድታችሁ አስቀምጡ ለማለት ነበር የመጡት። እንደወትሮው ሁሉም ስክሪኑን አጥፍቶ ብድግ አለ። "ኑሩ ልጆቼ፣ ኑሩ" ብለው፣ መልእክታቸውን ተናግረው፣ መርቀውን ወጡ። ሁሉም ተቀምጦ ስክሪኑን አበራ። ሴትዮዋ እጇን አወጣች። "መምህር፣ እኔ ያልጻፍሁት ጽሑፍ መጣብኝ" አለች።

መርማሪው ነበር። ስክሪኑ ሙሉ ጽፎ ተቀምጧል። ወንበሯ ላይ ተደግፌ አንድ ጊዜ አነበብሁት፣ ደገምሁት። አንደኛው መንገድ የሥዕል ሥራው ነው፤ የስዕሉን መቆለፊያ ይዞ የስክሪኑን ይጠይቃል። ሁለተኛው መንገድ ስክሪን ሲጠፋ የሚነሣው ሥራ ነው፤ የስክሪኑን ይዞ የስዕሉን ይጠይቃል። ስክሪን ሲጠፋ። ካርዱ የስክሪኑን መጥፋት እንደ መነቀል ይቆጥረዋል፤ በዚያች ቅጽበት ሌላ ነገር እየሣለ ከነበረ ሁለቱ ተያይዘው ይቆማሉ።

በዓለም ላይ ይህ ካርድ ያላቸው ሰዎች ሁሉ ስክሪናቸውን በቀን አንዴ ያጠፉ ይሆናል፣ ሥራ ሲጨርሱ። ሥራ መሐል፣ በቀን አሥር ጊዜ፣ ለአክብሮት ብሎ የሚያጠፋ ሰው ያለው እኔ ክፍል ብቻ ነው። ብቻዬን ስሞክረው ያልቆመውም ለዚያ ነው፤ ብቻዬን ስሆን የሚያናግረኝ ሰው የለም። "እርስዎን እየሰማን ነበር" ሲሉኝ የከረሙት ይህንኑ ነው። ስክሪን ማጥፋትን እንደ አንድ ድርጊት አልቆጠሩትም፤ እኔው ነኝ እንዳይቆጥሩት ያስለመድኋቸው።  ልሳቅ፣ ላልቅስ አላወቅሁም። "ጥፋት አጠፋሁ እንዴ?" አለችኝ ቀና ብላ። "አይ፣ እኔ ነኝ" አልኋት።

ቅዳሜን ሳልጠብቅ ቡሬ ሄድሁ። ሪፖርቱን ላክሁ። በሁለተኛው ቀን ሰውየው ማስተካከያ ላከልኝ፤ ሁለቱም መንገዶች መጀመሪያ የስክሪኑን መቆለፊያ እንዲይዙ የሚያደርግ ነው፣ የእናቴ ደንብ። ከርነሉን እንደገና ሠራሁት። መርማሪው ሌላ ነገር ጮኸ፤ ሦስተኛ መንገድ አለ፣ እሱም ተገልብጦ የሚይዝ። ያንን ደግሞ ላክሁ። መልስ ስጠብቅ፣ መስመር ስጠብቅ፣ መብራት ስጠብቅ ምዘናው ሦስት ቀን ቀረው። ያላለቀ ማስተካከያ ማሽኖቹ ሁሉ ላይ ብጭን በሌላ መንገድ ይቆማሉ። ተውሁት።

የቀረኝ ቀላሉ መላ ነበር። የስክሪኖቹን ማጥፊያ በፕላስተር ለጠፍሁባቸው። በማግሥቱ ምዘናውን የሚያዘጋጁት ሰዎች ማሽኖቹን ሊያሽጉ መጡና "ይኼ ምንድን ነው? ምን እየደበቃችሁ ነው?" ብለው አስላጡኝ። አፌ ላይ መጣ፤ ማሽኖቹ እንዲህ ያለ ችግር አለባቸው ልበላቸው። ከመናገሬ በፊት አንደኛው ለሌላው የሚለውን ሰማሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ማሠልጠኛ ዕቃው ጉድለት አለበት ተብሎ ምዘናው ለቀጣዩ ዙር ተላልፏል። ቀጣዩ ዙር ከሰኔ በኋላ ነው። ዝም አልሁ። እስከ ዛሬ ያንን ዝምታ አመላልሰዋለሁ። ብናገር ዕድሏ እዚያው ይዘጋል፣ ባልናገር ትንሽ በር ክፍት ይቀራል ብዬ ነበር። ወረቀት ለጥፈው፣ ማኅተም መትተው፣ ከእንግዲህ እንዳይነካ ብለው ሄዱ።

ሠልጣኞቼን ሰበሰብሁ። ነገ መዛኞች ሲገቡ ስክሪን የሚነካ ሰው እንዳይኖር አልኋቸው። ተነሡ፣ እጅ ንሡ፣ ስክሪኑን ግን ተዉት። ለምን እንደሆነም አስረዳኋቸው፣ የሜትሩንና የመቀሱን ታሪክ ጨምሬ። ወጣቶቹ "እሽ ቲቸር" አሉ፣ ለነሱ ቀላል ነው። እሷ ግን ተጨንቃ ቀረች። "ስክሪኑ እየበራ እንዴት ፊታቸው እቆማለሁ? ምን ይሉኛል?" አለችኝ። "ምንም አይሉም፤ ሌላ ቦታ ሁሉ እንደዚያ ነው" አልኋት። "ተሌላው ቦታማ አላደግሁም" አለች፤ ቀጥላም "እሽ፣ አልነካውም፤ እጄን ወደ ኋላ አደርገዋለሁ" ብላ ቃል ገባችልኝ።

በማግሥቱ ደጅ ቆምሁ። ክፍሉ በጎን በኩል ሰፊ መስኮት አለው፤ እሷ ከመስኮቱ በሁለተኛው ረድፍ ነው የምትቀመጠው። መዛኞቹ ሁለት ነበሩ፣ አንዱ ሽማግሌ፣ መነጽር ያደረጉ፣ እርጋታ ያላቸው ሰው። ሲገቡ ሁሉም ተነሣ። አንድም ስክሪን አልጠፋም። እሷ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ አንገቷን ሰብራ ቆማ ነበር፤ አፍራ እንደነበር ከመስኮቱ ማዶ እንኳ ይታያል። ተቀመጡ፣ ሥራው ተጀመረ። ማንም አልቆመበትም። አንድ ሰዓት አለፈ።  የመጨረሻው ሥራ ላይ ደርሳ ነበር፤ የሠንጠረዡን ቁጥሮች ወደ ስዕል የምትለውጥበት፣ ካርዱ ከሁሉም በላይ የሚሠራበት ቦታ ነው።

ሽማግሌው መዛኝ በመደዳዎቹ መሐል እየዞሩ ነበር። አጠገቧ ሲደርሱ ቆሙ። ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ጠየቋት፤ መዛኝ እየሠራህ ሳለ ሊጠይቅህ እንደሚችል አውቃለሁ፣ በዚያው መስኮት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ለሠልጣኞቼ ግን አልነገርኋቸውም። የነገርኋቸው ሲገቡ ስለሚያደርጉት ብቻ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ቀና ስትል አየኋት። አዩኝ አላዩኝ ሳልል መስኮቱን በመዳፌ መታሁት፤ ማንም አልዞረም። ቀኝ እጇ፣ እሷ ሳታዘው፣ ስክሪኑ ሥር ገባ። ስክሪኑ ጠፋ። ወደ ሽማግሌው ዞረች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዓይን ዓይናቸውን ሳታይ መለሰችላቸው። ረዘም አድርጋ ነበር የመለሰችው። ፈገግ ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ብሏቸዋል። አለፉ። ስክሪኑን አበራችው።

ስዕሉ እንዳለ ነበር። ማውሱን ስትገፋው አየሁ። ደግማ ገፋችው። ከዚያ ምን እንዳደረገች የገባት ይመስለኛል፤ እጇን አንሥታ አየችው። ግን እጇን አውጥታ አልተጣራችም፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ የቆመው ስዕል ፊት ቁጭ አለች።

ሲወጡ ሽማግሌውን ደጅ ላይ ያዝኋቸው። የሷ ጥፋት እንዳልሆነ፣ ማሽኑ እንደሆነ፣ ማሽኑም እንኳ እሳቸውን ባታከብር ኖሮ እንደማይቆም ነገርኋቸው። ነገሬ አይያዝም ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። "መልሷ ከሁሉም ይበልጥ ነበር" አሉኝ። "ግን የምንመዝነው የተቀመጠውን ሥራ ነው፤ የተቀመጠ ነገር የለም። ይህን ነገር ታውቂ ከነበር ከምዘናው በፊት ነበር መናገር።"

በሳምንቱ ፈረስ ቤት ልትሄድ ስትል መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ይቅር ይበሉኝ አልኋት። "እርስዎ ነግረውኝ ነበር እኮ" አለችኝ። "እኔ ነኝ የረሳሁት። ዳሩ ምን ላርግ፣ ሽማግሌ እያናገሩኝ?" መኪናው በር ላይ ከኋላዋ አንድ ሌላ መንገደኛ ነበር፤ "ይለፉ" ብላ አሳለፈችውና ወጣች። ሰኔ አለቀ፣ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ማስተካከያው ያለቀው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ሦስተኛውን መንገድ፣ ከዚያም አራተኛውን አግኝተን፣ መርማሪው ስክሪን እያጠፋሁ እያበራሁ ቀኑን ሙሉ ስፈትነው ዝም አለ። ሰውየው በከርነሉ ውስጥ ሲያስገባው ስሕተቱን ያገኘው ሰው ስም ይጻፍ አለኝ፤ እንደዚያ ነው ወጉ። የሷን ስም ሰጠሁት። ኢሜይሏን ጠየቀኝ። ኢሜይል የላትም አልሁት። ብዙ ካሰበ በኋላ ይሁን፣ ስሟ ብቻውን ይግባ አለ። አሁን ያ ከርነል ባለበት ቦታ ሁሉ በመዝገቡ ውስጥ ስሟ አለ፤ ወረዳዋ የጠየቃት ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሌለው።

ይህንን ልነግራት ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ደወልሁላት። ስታነሣው ከበስተኋላ የዶማ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ድንች እያወጣች ነው።

"እንዴት ከረሙ መምህር?"

"ደኅና ነኝ። ያ ማሽን ተስተካከለ፣ እሱን ልነግርዎ ነው" አልኋት።

"ይቆዩኝማ" አለችኝ፤ "ዶማውን ላኑረውና ልስማዎ።" ዶማው መሬት ላይ ሲያርፍ ሰማሁ፤ እጇን ስታራግፍም ሰማሁ። "እህ፣ ይኸው፣ ይንገሩኝ።"

ነገርኋት። የስሟን ነገርም ነገርኋት፤ ለሱ ብዙም አልተደነቀችም። "እንግዲህ ሰው ሲያናግር ቢያጠፉት አይቆምም?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አይቆምም።"

"ደግ ነው" አለች። "ተኔ ኋላ ለሚመጡት ደግ ነው። በሉ መምህር፣ ሥራ እንዳላስፈታዎ።"

ስልኩ ተዘጋ። ይህን ሁሉ ስነግራት ዓይኔ መርማሪው አዲስ የጻፈው ነገር ላይ ነበር፤ ስክሪኔ እንደበራ ነው ያናገርኋት።